ሊማሊሞን የወረደ ጆሮ፦ ከስልሳ ዓመት በኋላ ስለ ስኩባ

(በጎንደር ከተማ ለተሰባሰቡ ጡረተኞች የተደረገ ንግግር፤ እንደተነገረ የቀረበ)

ጤና ይስጥልኝ! የተከበራችሁ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? ከኋላ የቆማችሁ ወደፊት ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ወንበር አለ። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ላስቸግራችሁ ነው።

ከባሕር ርቆ፣ ከ2100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በተቀመጠ ከተማ፣ ያውም ለጡረተኛ፣ ስለ ስኩባ፣ አየር በሲሊንደር አዝሎ ስለሚደረግ የባሕር ጠለቃ፣ ማውራት ምን ይባላል? ግጥሚያ የለውም የሚል ይኖራል። የሚስቁም አያለሁ፤ ሳቁ፣ ግድ የለም። ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ጥር 11 ቀን ፋሲለደስ መዋኛ ከቀሃ ወንዝ በመጣ ውሃ ሞልቶ፣ ተባርኮ ሲያበቃ ወጣቱ ከግንቡ ላይ እየዘለለ ይገባል። በእኛ ዕድሜ ያለውስ ምን ያደርጋል? ዳር ቆሞ ይረጨኝ ይላል። ውሃውን ጠልቶ ነው? አይደለም፤ ጠበል ነው፣ ይወደዋል። እግሬ መርገጫ ቢያጣስ ብሎ ነው።

ይቺ «ቢያጣስ» ናት የዛሬው ጉዳያችን። ፍርሃት ስሙ አንድ ነው፤ ሲፈተሽ ግን ብዙ ነው። ውሃ ውስጥ የሚፈራ ሰው «ፈራሁ» ሲል ከአራቱ አንዱን ማለቱ ነው። አየር ያልቅብኛል፤ ጆሮዬ ይፈነዳል፤ ውሃ በአፍንጫዬ ይገባል፤ ልቤ አይችለውም። አራቱም የየራሳቸው ምክንያት፣ የየራሳቸው ልምምድ አላቸው። በጥቅሉ «አይዞህ፣ ደፋር ሁን» የሚለው ምክር ለአንዱም አይሆንም። እንዲያውም የጎንደር ሰው ድፍረት አንሶት አያውቅም፤ ውሃ ውስጥ ግን ድፍረት ነው ሰው የሚጎዳው። አራቱን በየተራ እወስዳለሁ፤ የመጀመሪያው ላይ ትንሽ እቆያለሁ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ከባሕሩ ወደ ጎንደር እንዴት እንደምትመለሱ እናገራለሁ። እሱን ማንም አይጠይቅም፤ አደጋ ያለው ግን እዚያም ነው።

እንግዲህ አየር።

ጀርባ ላይ የሚታዘለውን ሲሊንደር ብዙ ሰው «የኦክስጅን ጋን» ይለዋል። ኦክስጅን አይደለም። ይህችው አሁን እዚህ አዳራሽ ውስጥ የምንተነፍሳት አየር ናት፤ 21 በመቶ ኦክስጅን፣ የቀረው ከሞላ ጎደል ናይትሮጅን። ተጣርታ፣ ተጨምቃ ትሞላለች። ንጹሕ ኦክስጅን ቢሆን ኖሮ ከ6 ሜትር በታች መርዝ ይሆንና ሰውን ያንዘፈዝፈው ነበር።

አሁን ሒሳብ እንሥራ፤ መምህር የነበራችሁ አርሙኝ። የተለመደው ሲሊንደር 12 ሊትር ይይዛል፤ አየሩ የሚጨመቀው እስከ 200 ባር ነው፤ ባር የግፊት መለኪያ ነው። 12 በ200 ሲባዛ 2400 ሊትር አየር። ከዚህ 50 ባሩ፣ ማለትም 600 ሊትሩ፣ አይነካም፤ መጠባበቂያ ነው። 1800 ሊትር ቀረን። ጀማሪ ሰው ተረጋግቶ በደቂቃ 20 ሊትር ያህል ይተነፍሳል እንበል። ባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ከላይ ያለውን የአየር ግፊት ያህል ግፊት ይጨመራል፤ 10 ሜትር ላይ እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ 10 ሜትር ላይ ያው ትንፋሽ ከሲሊንደሩ 40 ሊትር ይወስዳል። 1800 ለ40 ሲካፈል 45 ደቂቃ።

ያው ሰው፣ ያው ሲሊንደር፣ ያው ጥልቀት፤ ግን ደነገጠ እንበል። የደነገጠ ሰው በደቂቃ 40 ሊትር ቢተነፍስ አይደንቅም። እዚያ ታች 80 ሊትር ይሆናል። ስንት ደቂቃ ቀረው? ሃያ ሁለት! ግማሹን ጊዜ ማን በላው? ውሃው ነው? ዕድሜው ነው? ሲሊንደሩ አፍስሶ ነው? ፍርሃቱ በላው። አየር ያልቅብኛል ብሎ የፈራ ሰው አየሩን የሚጨርሰው በዚሁ ፍርሃት ነው።

ደግሞ የሚገርመው፣ አየር እያለ አየር ያጣ ይመስለዋል። ለምን? ሰውነታችን «ታፈንኩ» የሚለው በዋናነት ኦክስጅን ሲያንስ ሳይሆን የተቃጠለው አየር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሲጠራቀም ነው። የደነገጠ ሰው አጭር አጭር እየሳበ፣ በደንብ ሳያስወጣ፣ ደረቱ ላይ ብቻ ይተነፍሳል። አሮጌው አየር ሳንባው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የበለጠ ይስባል፤ በሳበ ቁጥር የበለጠ ይታፈናል። መጨረሻ ላይ የአፉን መተንፈሻ ነቅሎ ይጥላል። አየሩን የሚሰጠውን ራሱን ይጥለዋል! ሲሊንደራቸው ውስጥ አየር እያለ፣ መተንፈሻቸው ከአፋቸው ወጥቶ የተገኙ ሰዎች አሉ።

መድኃኒቱ አንድ ቃል ነው፦ አስወጡ። ሳቡ አይደለም፤ መሳብን ማንም አያስተምራችሁም፣ ራሱ ይመጣል። አስወጡ! ጭንቅ ሲመጣ ሥራችሁን ሁሉ አቁሙ። እግራችሁን አታወናጭፉ። የመውረጃውን ገመድ ወይም የአሠልጣኙን ክንድ ያዙ። ከዚያ ረጅም፣ ቀስ ያለ ትንፋሽ አስወጡ፤ አረፋው ሲንፎለፎል ጆሯችሁ ይስማው። ሦስት ጊዜ እንዲህ አድርጉ። ከሦስተኛው በኋላ ነው የሚታሰበው፤ ከዚያ በፊት የሚመጣ ሐሳብ ሁሉ የድንጋጤ ሐሳብ ነው።

ይህን እቤት መለማመድ ይቻላል። ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ፣ እስከ አራት እየቆጠራችሁ ሳቡ፣ እስከ ስምንት እየቆጠራችሁ አስወጡ፤ በቀን አሥር ደቂቃ። በዚህ በኩል ጎንደር የታደለች ከተማ ናት። በዓታ ለማርያም የአቋቋም ትምህርት ምስክር ቤት መሆኗን የማያውቅ የለም። ዜማ የተማረ ሰው ምን ያደርጋል? ባጭሩ ይስባል፣ ረጅም ያወጣል፤ አንዱን ሐረግ እስኪጨርስ ትንፋሹን እየቆጠበ ይለቃል። ስኩባ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። እዚህ ውስጥ መሪጌታ ካለ ከዋናተኛው ይልቅ እሱ ቶሎ እንደሚለምድ እኔ አልጠራጠርም።

ከትንፋሽ ሳልወጣ አንዲት ሕግ። ሌላው ሁሉ ቢረሳችሁ ይህችን አትርሱ፦ ትንፋሽ አይያዝም። ገንዳ ውስጥ ልጆች ሆነን «ማን ይቆያል» እያልን እንይዝ የነበረውን እርሱት፤ እዚያ ስትገቡ ሳንባችሁ ውስጥ የነበረው የውጭ አየር ነው፤ ወርዳችሁ ስትወጡ ወደነበረበት መጠን ይመለሳል እንጂ አይበልጥም። በስኩባ ግን ታች ሆናችሁ የተጨመቀ አየር ትተነፍሳላችሁ። 10 ሜትር ላይ ሳንባችሁን ሞልታችሁ፣ አፋችሁን ዘግታችሁ ብትወጡ ያ አየር እጥፍ መሆን ይፈልጋል። ሳንባ እንደ ፊኛ ነው፤ እጥፍ አይሆንም፣ ይቀደዳል። በጥልቁ ብቻ የሚሆን አይምሰላችሁ፤ ሙሉ ሳንባ ይዞ አንድ ሜትር ከምናምን መውጣት እንኳ ሊያደርሰው ይችላል። ትልቁ የግፊት ለውጥ ከላይ አጠገብ ነው። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚባለው እዚህ ላይ ነው እውነት የሚሆነው፤ የሚያስቀው ጥልቀት፣ ቁመት የማይሞላው ገንዳ፣ እሱ ነው አዘናጊው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እናንተ ልቀቁ! መተንፈሻው ከአፋችሁ ወጥቶ እየፈለጋችሁት እንኳ ቢሆን «ኡኡኡ» እያላችሁ ጥቂት ጥቂት አረፋ ልቀቁ።

መተንፈሻው ከአፍ ቢወጣስ ያላችሁኝ አለ፤ ሰምቻለሁ። ይወጣል፤ ሥልጠናው ላይ ሆን ተብሎ ይወጣል። ወደ ቀኝ ትከሻችሁ ዘንበል ትላላችሁ፤ ቀኝ እጃችሁን ጭናችሁን አስነክታችሁ ወደኋላ፣ ከዚያ ዘርግታችሁ በሰፊው ወደፊት ታመጣላችሁ፤ ቱቦው ክንዳችሁ ላይ ይንጠለጠላል። ወደ አፍ ትመልሱና ከመሳብ በፊት አንድ ጊዜ እፍ ትላላችሁ፤ ውስጡ የገባው ውሃ ይወጣል። ለእፍታ የሚሆን ትንፋሽ ከሌላችሁ ፊት ለፊቱ ያለውን ቁልፍ ተጫኑት፣ ሲሊንደሩ ራሱ ይነፋላችኋል። በገንዳ ውስጥ ሃያ ጊዜ የሠራው ሰው ሃያ አንደኛውን አይፈራውም።

የእርሳሱን፣ የከባዱን ብረት፣ ነገርም እዚሁ ልጨምር፤ ከትንፋሽ ጋር የተያያዘ ነው። ሰው እንዲሰጥም ወገቡ ላይ እርሳስ ይታጠቃል። የፈራ ጀማሪ ሳንባውን ሞልቶ ስለሚይዝ አይሰጥምም፤ ሙሉ ሳንባና ባዶ ሳንባ መካከል ሦስት ኪሎ ያህል የመንሳፈፍ ልዩነት አለ። ችኩል ረዳት ምን ያደርጋል? እርሳስ ይጨምርለታል። ሰውዬው ታች ደርሶ ሲረጋጋና ሲያስወጣ እንደ ድንጋይ ይወርዳል፤ ሰደርያውን፣ ያን በአየር ተነፍቶ የሚያንሳፍፈውን ልብስ፣ ይነፋል፤ ወደ ላይ ይወነጨፋል፤ እንደገና ይደነግጣል። ልኩ እንዲህ ነው፦ ሰደርያው ባዶ ሆኖ፣ መካከለኛ ትንፋሽ ይዛችሁ ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ ውሃው ዓይናችሁ ላይ ይደርሳል፤ ስታስወጡ ትሰጥማላችሁ። እርሳስ ሊጨመርላችሁ ሲል «ቆይ፣ መጀመሪያ ላስወጣ» በሉ።

ወደ ጆሮ ልለፍ።

ከደባርቅ ተነስቶ በሊማሊሞ ቁልቁል ያልወረደ አለ? ጆሮ ድፍን ይላል አይደል? ያዛጋችሁ፣ ምራቅ የዋጣችሁ፣ ማስቲካ ያኘካችሁ እንደሆነ «ጧ» ብሎ ይከፈታል። እንግዲያው ይህን ስሙ፦ በመኪና 1000 ሜትር ቁልቁል ስትወርዱ በጆሯችሁ ላይ የሚመጣው የግፊት ለውጥ ውሃ ውስጥ አንድ ሜትር ገደማ ከመውረድ ጋር እኩል ነው። አንድ ሜትር! ውሃ ከአየር ምን ያህል እንደሚከብድ በዚህ ይታወቃል። ስለዚህ ያ በመኪና ሰዓት የፈጀ ነገር ውሃ ውስጥ በጥቂት ሴኮንድ ይመጣል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ፍጥነቱ ነው አዲስ።

ጆሮን ከጉሮሮ ጋር የሚያገናኝ ቀጭን ቱቦ አለ። አየር በእሱ አልፎ ታምቡሩን ከውስጥ ሲደግፈው ሕመም የለም። አፍንጫችሁን ያዙ፤ በቀስታ ወደ አፍንጫ ንፉ፤ ወይም አፍንጫ እንደያዛችሁ ምራቅ ዋጡ። ምስጢሩ መቼ እንደሚደረግ ነው። ከመውረዳችሁ በፊት ከላይ አንዴ፣ ከዚያ በየግማሽ ሜትሩ፣ ሳያማችሁ። ሳያማችሁ ነው ያልኩት! ከአንድ ሜትር ትንሽ ከበለጣችሁ በኋላ ሳትከፍቱት ከቀራችሁ ግፊቱ የቱቦውን አፍ ይቆልፈዋል፤ ከዚያ ወዲያ ብትነፉ አይከፈትም። ኃይል ጨምሮ መንፋት ደግሞ የውስጡን ጆሮ ይጎዳል። ታዲያ ምን ይደረጋል? አንድ ሜትር ወደ ላይ መመለስ፣ መክፈት፣ እንደገና መውረድ። ገፍቶ የሄደ ሰው ታምቡሩ ሊቀደድ ይችላል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ወደ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ባሕሩ ይዞርበታል፣ ላይና ታቹን መለየት ያቅተዋል።

ገመድ ይዛችሁ በእግራችሁ ውረዱ እንጂ በጭንቅላታችሁ አትቅደሙ፤ ቀና ብላችሁ አንገታችሁን ዘርጉ፤ እንዲህ ሲሆን ቱቦው ይቀለዋል። ጉንፋን ካለባችሁ ያን ቀን አይሆንም፣ በቃ። የአፍንጫ ማድረቂያ መድኃኒት ወስዶ መግባትንም አልመክርም፤ መድኃኒቱ ታች እያላችሁ ሲያልቅ አየሩ እዚያው ይታሰርና መውጣት የሚያስቸግር ይሆናል። ዕድሜያችን ገፋ ያልን ሰዎች በዚህ ላይ አንድ ብልጫ አለን፤ አንቸኩልም። ጆሮው የሚቀደደው አብዛኛውን ጊዜ ጓደኞቼ ቀደሙኝ ያለ ጎረምሳ ነው።

ውሃ በአፍንጫ ይገባል የሚለውን ቶሎ ልጨርስ። መነጽሩ ዓይንንም አፍንጫንም አንድ ላይ ይሸፍናል። ልኩን ለማወቅ ማሰሪያውን ሳታጠልቁ ፊታችሁ ላይ ለጥፉት፣ በአፍንጫ ትንሽ ሳቡ፤ እጃችሁን ስትለቁ ካልወደቀ ልካችሁ ነው። ሪዝ ያላችሁ አባቶች፣ ከአፍንጫ ሥር ያለው ፀጉር ነው ውሃ የሚያስገባው፤ ቀጭን መስመር አድርጋችሁ ላጩት፣ ወይም ቫዝሊን ቀቡት። እናቶችም ግንባር ላይ የወረደች አንዲት የሹሩባ ዘለላ ብትገባ ያንጠባጥባል፤ ሰብስቡት። ውሃ ከገባ ቀና ትላላችሁ፤ የመነጽሩን የላይኛ ጠርዝ በጣት ወደ ግንባር ትጫናላችሁ፤ በአፍንጫ ረጅም ታስወጣላችሁ፤ ውሃው በታች ይወጣል። ያው መድኃኒት ነው፣ አያችሁ? አስወጡ።

አስቸጋሪው ግን ውሃ አፍንጫን ሲነካ በአፍ ብቻ መተንፈስ ነው። ይህን ሳፋ ያስተምራል። ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ቅዱ፤ ስኖርክሉን፣ ያቺን የመተንፈሻ ቱቦ፣ አፋችሁ ላይ አድርጉ፤ ያለ መነጽር ፊታችሁን ንከሩ። መጀመሪያ አሥር ሴኮንድ፣ ከዚያ ሠላሳ፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ። አጠገባችሁ ሰው ይኑር። ደቂቃውን ተረጋግቶ የጨረሰ ሰው ገንዳ ውስጥ መነጽሩ ቢወልቅም አይጮህም።

አሁን ስለ ነውር ልናገር። በአራቱ ውስጥ አልቆጠርኩትም፤ ግን ከአራቱም ይከፋል። እኛ አገር ሽማግሌ «ፈራሁ» አይልም። ባሕር ላይ ግን የታወቀ ደንብ አለ፦ ማንም ሰው፣ በማንኛውም ሰዓት፣ ምክንያት ሳይሰጥ ጠለቃውን ማቋረጥ ይችላል፤ «ለምን?» ተብሎ አይጠየቅም። ታች ሆኖ መናገር ስለሌለ በእጅ ነው። መዳፍን ዘርግቶ ግራ ቀኝ ማወዛወዝ «ችግር አለ» ማለት ነው፤ ቀጥሎ ችግሩ ያለበት ይጠቆማል፣ ጆሮ ከሆነ ጆሮ። አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን ቀለበት ማድረግ «ደህና ነኝ»። አውራ ጣት ወደ ላይ ማቆምስ? እኛ ዘንድ «ጎበዝ» ነው። እዚያ «እንውጣ» ማለት ነው! አሠልጣኙ «ደህና ናችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ ደስ ብሏችሁ አውራ ጣት ብታሳዩት ይዟችሁ ወደ ላይ ይወጣል። አበሻ ተማሪ ሁሉ የሚሳሳታት ይቺን ነው።

ልብና ዕድሜ። ስኩባ የዕድሜ ጣሪያ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2018 ሬይ ዉሊ የተባሉ አዛውንት በ95 ዓመታቸው ቆጵሮስ ላርናካ አጠገብ ሰጥማ ወደምትገኘው ዜኖቢያ የተባለች መርከብ ከ40 ሜትር በታች ወርደው ተመልሰዋል። ይህን የምናገረው 40 ሜትር ውረዱ ለማለት አይደለም፤ ለሙከራ ጠለቃ 12 ሜትር፣ ለመጀመሪያው የምስክር ወረቀት 18 ሜትር ነው ልኩ፤ ከበቂ በላይ ነው፣ ቀለሙም ብርሃኑም ያለው እዚያው ነው።

ግን በእኛ ዕድሜ ባሕር ውስጥ ከሚሞቱት ብዙዎቹን የሚወስደው ሻርክ አይደለም፣ ልብ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪም። ከ45 ዓመት በላይ ሆኖ የደም ግፊት ያለበት፣ የሚያጨስ፣ ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለ ወይም ከቤተሰቡ የልብ ሕመም ያለበት ሰው የሐኪም ፈቃድ ሳይዝ አይገባም። ኢንሱሊን የምትወጉ፣ አስም ያለባችሁ፣ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ያደረጋችሁ፣ በቅድሚያ ተናገሩ። የልብ ምትን የሚያዘገዩ የግፊት መድኃኒቶች አሉ፤ ወረቀቱ ላይ ስማቸውን ጻፉ። «ከጻፍኩ ይከለክሉኛል» ብሎ የሚደብቅ ሰው የሚያታልለው አሠልጣኙን አይደለም።

ውሃ ውስጥ ስትገቡ የእግር ደም ወደ ደረት ይሰበሰባል፤ ልብ ላይ ሥራ ይጨምራል። ግፊት ባለበት ሰው ላይ አንዳንዴ ሳንባ ውስጥ ውሃ ይቋጥራል። ምልክቱ፦ ሳል፣ ያለ ሥራ ማለክለክ፣ ሮዝ አረፋ መትፋት። ይህ ፍርሃት አይደለም፤ በትንፋሽ ልምምድም አይታከምም። ወዲያው፣ ግን በዝግታ፣ ወጥቶ ከውሃው መራቅ ነው። ከወጣችሁ በኋላ ቀለለኝ ብላችሁ ተመልሳችሁ አትግቡ።

ትንንሾቹን ደግሞ፦ ቅርብ ማንበብ የሚያስቸግራችሁ መነጽራችሁ ላይ የሚለጠፍ ማንበቢያ ሌንስ አስደርጉ፤ የአየር መጠኑን ማንበብ የማይችል ሰው ባዶ ቤት ነው። የሚወልቅ ጥርስ ያላችሁ ለአሠልጣኙ አሳዩ፤ የአፍ መተንፈሻው የሚነከስ ስለሆነ ሊላቀቅ ይችላል። ጉልበትና ወገብ ያማችሁ፣ ዕቃው ሲደመር ከ20 ኪሎ ይበልጣል፤ ማን ተሸከሙ አላችሁ? ሰደርያውና ሲሊንደሩ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ይጠብቃችሁ፣ እዚያው ልበሱት። ስትወጡም መጀመሪያ እርሳሱን፣ ቀጥሎ ሰደርያውን ለጀልባው ሰዎች አቀብላችሁ፣ ባዶ እጃችሁን መሰላሉን ውጡ። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። አልኩ፣ ደግሜ እላለሁ፣ ነውር አይደለም።

የት እንሂድ? ጣና አለን፤ ጎርጎራ ቅርብ ነው፣ አይደል? ጣና ለስኩባ አይሆንም። ውሃው ደፍራሽ ነው፤ እጃችሁን ዘርግታችሁ ጣታችሁን ላታዩ ትችላላችሁ። ብልሃርዝያ አለ፤ ጉማሬ አለ፤ እምቦጩን ታውቁታላችሁ። ከዚያም በላይ ከ1700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ሐይቅ ነው፤ ከ300 ሜትር በላይ ባለ ውሃ የባሕር ሠንጠረዥ፣ ስንት ሜትር ላይ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚያሳየው፣ እንዳለ አይሠራም፣ ሌላ ሒሳብ ይፈልጋል። ጀማሪ እዚያ አይጀምርም። ትንፋሽና መነጽር ማጽዳት ንጹሕ የሆቴል ገንዳ ውስጥ ይለመዳል፤ ጠለቃው ባሕር ላይ።

ቅርባችን ቀይ ባሕርና የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ናቸው። ጅቡቲ ከሙሻና ማስካሊ ደሴቶች ዙሪያ ጥልቀት የሌለው ኮራል አለ። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ዌል ሻርክ የሚባለው ትልቁ ዓሣ ታጁራ ይመጣል፤ የሚበላው ደቃቅ ነገር ነው፣ ሰው አይነካም። አንድ ችግር ልብ በሉ፤ ወቅቱ የነቢያት ጾምን ያካትታል። ከኅዳር 15 ጀምሮ የምትጾሙ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልና ውሃ ሳይቀምሱ ሞቃት ፀሐይ ላይ ውሎ መጥለቅ አይሆንም፤ ሰውነት ይደርቃል፣ ጉልበት ይከዳል። ረመዳንም እንደዚሁ። የእኔ ምርጫ ከገና ማግሥት እስከ ጥምቀት ያሉት ቀናት ናቸው። ከረቡዕ፣ ከዓርብና ከገሃድ በቀር ፍስክ ነው፣ ዓሣውም አለ፣ ለጥምቀትም ጎንደር ትደርሳላችሁ። የሠርግ ወቅት ነው የምትሉ፣ ያን ከልጆቻችሁ ጋር ተደራደሩ።

አሁን ማንም የማይጠይቀው መመለሻው። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ክፈቱ እስኪ። ተዘግቶ ሳለ አረፋ አይታይም፤ ክዳኑ ድንገት ሲከፈት ይንፎለፎላል። ታች ሳላችሁ ናይትሮጅን ደማችሁና ሥጋችሁ ውስጥ እንዲሁ ይሟሟል። ቀስ ብላችሁ ከወጣችሁ በትንፋሽ ይወጣል፤ ፈጥናችሁ ከወጣችሁ አረፋ ሆኖ መገጣጠሚያ ውስጥ፣ አንዳንዴም አከርካሪ ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ ከ9 ሜትር በደቂቃ በላይ አትፍጠኑ፤ 5 ሜትር ላይ ስትደርሱ 3 ደቂቃ ቆሙ።

ከውሃ ወጣን ማለት ግን አበቃ ማለት አይደለም፤ ጠርሙሱ ገና ሙሉ በሙሉ አልተነፈሰም። ለዚህ ነው አንድ ጊዜ የጠለቀ ሰው ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ወይም ለተከታታይ ቀናት የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆይ አውሮፕላን አይሳፈር የሚባለው። በእኛ ዕድሜ 24 ሰዓት ቢሆን እመርጣለሁ። አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ቢበዛ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ይደረጋል። ጎንደር ስንት ናት? ከ2100 በላይ! አዲስ አበባስ? ከ2300 በላይ። ደባርቅማ ከአውሮፕላኑም ትበልጣለች። እንግዲህ ለባሕር ዳርቻ ሰው አደጋው አውሮፕላኑ ነው፤ ለእኛ አገራችን ራሷ አውሮፕላን ናት። «አልበርም፣ በባቡር ነው የምመለሰው» ያለ ሰው አላመለጠም፤ ባቡሩም ደጋ ያወጣዋል። ሰዓቱ ሳይሞላ ጅቡቲን አትልቀቁ። የመጨረሻውን ቀን ለገበያ አድርጉት።

ጨርሻለሁ። ጥያቄ ካለ ልመልስ።

(ከተሰብሳቢዎች የቀረቡ ጥያቄዎች)

ዋና ስለማይችሉ፦ ለምስክር ወረቀቱ 200 ሜትር ሳያቋርጡ መዋኘት፣ ወይም በመነጽር፣ በስኖርክልና በእግር ክንፍ 300 ሜትር፣ በተጨማሪም 10 ደቂቃ መንሳፈፍ ያስፈልጋል። የሰዓት ገደብ የለውም። ቀስ እያሉ ቢጨርሱትም ተጨረሰ ነው። ለሙከራ ጠለቃ ይህ ፈተና የለም፤ እኔ ግን በእግሩ ውሃ ያልለመደ ሰው መጀመሪያ ሁለት ሦስት ወር ዋና ቢማር እላለሁ።

እግር ሲሸማቀቅ፦ የክንፉን ጫፍ ይዛችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡ፣ ጉልበታችሁን ዘርጉ፤ ይለቃል። መንስኤው ብዙ ጊዜ በጉልበት ማንጠር ነው፤ ከዳሌ በዝግታ መቅዘፍ ነው ልኩ።

ባልና ሚስት አብረው ቢጠልቁ፦ ይችላሉ፤ መጀመሪያ ቀን ግን ባትጣመሩ ይሻላል። አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ የራሱን ጌጅ፣ የአየር መለኪያውን፣ ማየት ይረሳል። (ሳቅ)

መጀመሪያ ምን እንግዛ ላላችሁኝ እናት፦ መነጽርና ስኖርክል ብቻ። ሲሊንደሩ፣ ሰደርያው፣ እርሳሱ እዚያው ይከራያል። መነጽሩን ከመግዛትዎ በፊት ያልኩዎትን ያለ ማሰሪያ ይሞክሩት። ሳፋ እቤትዎ አለ፤ ዛሬ ማታ በአሥር ሴኮንድ ይጀምሩ፣ ልጅ አጠገብዎ ይቁም። ቡናው ደርሷል መሰለኝ፤ አመሰግናለሁ።